ቀይ ትል፣ የወጥ ቤት ልጣጭና የትምህርት ቤት ጓሮ

ላቪንግተን ከናይሮቢ መሐል ከተማ በስተምዕራብ የሚገኝ ሰፈር ነው። መንገዶቹ በትላልቅ ዛፎች የተጋረዱ፣ አፈሩ ቀይ፣ አየሩም ከአዲስ አበባ ጥቂት ሞቅ የሚል ነው። ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ 1,800 ሜትር ገደማ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1899 የፈረንሳይ ካቶሊክ ሚሲዮናውያን የቅዱስ ኦስቲንን ሚሲዮን በዚህ አካባቢ ሲመሠርቱ ቡና ተከሉበት። የዚያ ቡና ዘር ከኢትዮጵያ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ሬዩኒየን ደሴት ተሻግሮ፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የመጣ ስለሆነ፣ አንድ የአገራችን መምህር ላቪንግተን ላይ ቆሞ «ይህስ የእኛው ነው» ቢል ብዙ አልተሳሳተም። ዛሬ የቡናው እርሻ ቀርቶ ሰፊ ግቢ ያላቸው ቪላዎች ተተክተዋል፤ ቪላዎቹም በተራቸው እየፈረሱ ለፎቅ ቤቶች ቦታ በመልቀቅ ላይ ናቸው። ጓሮውም በዚያው መጠን እየጠበበ ሄዷል።

የላቪንግተን ጎረቤት ካዋንግዋሬ ነው። እዚያ ቤቱ የተጨናነቀ፣ ነዋሪው ብዙ፣ ባዶ መሬቱም ጥቂት ነው። በናይሮቢ እንዲህ ባሉ ሰፈሮች ሰው ጎመኑን በጆንያ ውስጥ ይተክላል። ጆንያው አፈርና ፍግ ይሞላል፤ ጎኑ በየቦታው ይበሳና ከላይም ከጎንም ችግኝ ይተከልበታል። ይህ ዘዴ በተለይ በኪቤራ ሰፈር እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ፣ ከምርጫው ብጥብጥ በኋላ፣ በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ተስፋፍቷል። ኬንያውያን ጎመኑን «ሱኩማ ዊኪ» ይሉታል። «ሳምንቱን መግፊያ» እንደ ማለት ነው። ስሙ ራሱ የኑሮውን ሁኔታ ይነግራል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኛ ሦስት የባዮሎጂ መምህራን ለአጭር ሥልጠና ናይሮቢ በሄድን ጊዜ በላቪንግተን ከሚኖሩ ወገኖች ዘንድ በእንግድነት ሰንብተን ነበር። ቤቱ ያለው በአንድ ፎቅ ውስጥ ሲሆን፣ የሕንፃው ነዋሪዎች ከኋላ ያለችውን ቁራጭ መሬት በጋራ ያለሙ ነበር። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሽንኩርትና ጥቂት የቲማቲም እግሮች ነበሩባት። ከአትክልቱ ጥግ ደግሞ ሦስት የፕላስቲክ ሣጥኖች ተደራርበው በጥላ ሥር ተቀምጠዋል። በውስጣቸው በሺህ የሚቆጠሩ ቀያይ ትሎች የነዋሪውን የድንች፣ የሙዝና የካሮት ልጣጭ ወደ ጥቁር አፈር ይለውጣሉ።

እንግዲህ ፋሲካ ደረሰ። ከ55 ቀን ጾም በኋላ በአገር ልማድ ዶሮ ወጥ ተሠራ፤ ጎረቤትም ተጠራ። እኛም ከማዕዱ የተረፈውን፣ ወጥ የነካ እንጀራ ሁሉ ሰብስበን፣ እንደ በጎ ሥራ ቆጥረን፣ ሣጥኑ ውስጥ ገለበጥነው። በሦስተኛው ቀን ትሎቹ ከመኝታቸው ወጥተው ከክዳኑ ሥር ተጠማጥመው አገኘናቸው። በአምስተኛው ቀን አብዛኞቹ ሞተው ነበር። ሽታው እስከ ደረጃው ድረስ ይሰማ ጀመር።

የግቢው አትክልተኛ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ሁሉም «ምዜ» ይሏቸዋል፤ በእኛ አነጋገር «አባባ» እንደ ማለት ነው። መጥተው ጎንበስ አሉ፣ አንድ ጊዜ አሸተቱና «ቹምቪ» አሉ። በስዋሂሊ ጨው ማለት ነው። ሌላ ቃል አልጨመሩም። እኛ ግን ሦስት የባዮሎጂ መምህራን ነበርን።

የድንች ቁራጭ በጨው ውሃ ውስጥ ሲቀመጥ ውሃውን እያጣ እንደሚለሰልስና እንደሚሟሽሽ በየዓመቱ ለተማሪ እናሳያለን። ኦስሞሲስ ይባላል ብለንም በሰሌዳ ላይ እንጽፋለን። ትል ሳንባ የለውም፤ የሚተነፍሰው በቆዳው ነው፤ ቆዳው ኦክስጅንን ሊያሳልፍ የሚችለው ደግሞ እርጥብ እስከ ሆነ ድረስ ብቻ ነው። ጨው ሲነካው ከሰውነቱ ውሃ ይወጣል። ቅቤና ዘይት ሲጨመርበት አየሩ ይታፈናል። በርበሬውና ሽንኩርቱ ቆዳውን ይለበልበዋል። ይህን ሁሉ በቃል እናውቀው ነበር። ሆኖም ከመማሪያው መጽሐፍ እስከ ሣጥኑ ያለውን አሥር እርምጃ ተሻግረን አላየነውም። ስለዚህ ወደ አገር ቤት ስንመለስ፣ ይህንኑ ሣጥን በትምህርት ቤታችን ልንሠራና የደረስንበትን ለሥራ ባልደረቦቻችን ልንጽፍ ቃል ተገባባን።

ትሉና ሥራው

በመጀመሪያ አንድ ስሕተት እናርም። በክረምት ጓሮ ሲቆፈር የሚወጣው የመሬት ትል ሁሉ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ብዙው የመሬት ትል አፈር ውስጥ ጠልቆ የሚኖር፣ አፈር እየዋጠ የሚያልፍ ነው፤ ሣጥን ውስጥ ቢገባ አይበረክትም። ለኮምፖስት የሚፈለገው ከመሬት ገጽ ላይ በበሰበሰ ቅጠልና በፍግ ክምር ውስጥ የሚኖረው ዓይነት ነው። ከእነዚህም በዓለም ዙሪያ ይበልጥ የታወቀው በሳይንሳዊ ስሙ ኢዜንያ ፌቲዳ የሚባለው ቀይ ትል ነው። ፌቲዳ የተባለው በላቲን «የሚሸት» ለማለት ሲሆን፣ ትሉ ሲነካካ ቢጫና ሽታ ያለው ፈሳሽ ስለሚያወጣ ነው። መነሻው ከአውሮፓና ከእስያ ወገን ነው። ወደ አገራችንም የገባ ሲሆን፣ ከግብርና ምርምር ማዕከላትና ከሚያራቡት ሰዎች ማግኘት ይቻላል።

ትሉ ጥርስ የለውም። እንደ ዶሮ ሁሉ በደቃቅ አሸዋ እየታገዘ ምግቡን የሚፈጭ ጡንቻማ ከረጢት በሆዱ ውስጥ አለው። ስለዚህ ሣጥኑ ውስጥ ጥቂት አፈርና የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት መጨመር ያስፈልጋል፤ ቅርፊቱ ኮምጣጣነትንም ይቀንሳል። ዓይን ባይኖረውም ብርሃንን ይለያል፤ ይሸሻልም። እያንዳንዱ ትል የወንድም የሴትም አካል አለው፤ ሆኖም አብዛኛውን ጊዜ ዘር የሚለዋወጠው ከሌላ ትል ጋር ተጣምሮ ነው። ከዚያም የሎሚ ፍሬ ቅርጽ ያለው፣ ከስንዴ ቅንጣት የሚያንስ ከረጢት ይጥላል። ከአንዱ ከረጢት ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ትናንሽ ነጫጭ ትሎች ይፈለፈላሉ፤ ሁኔታው ከተመቻቸላቸውም በሁለት ወር ገደማ ለመራባት ይደርሳሉ።

ልጣጩን ትሉ ብቻውን ይበላዋል ማለት ግን ትክክል አይደለም። ማበስበሱን የሚጀምሩት ባክቴሪያዎችና ሻጋታዎች ናቸው። ትሉ የበሰበሰውንና በላዩ ያሉትን ጥቃቅን ሕያዋን አብሮ ይውጣል፣ ይፈጫል፣ በሆዱ ፈሳሽ ያሽና ጥቁር ቅንጣት አድርጎ ይጥለዋል። በዚያ ቅንጣት ውስጥ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ሥር በቀላሉ ሊወስዳቸው በሚችል መልክ ይገኛሉ። ቅንጣቱ ውሃም ይይዛል። በደንብ የበሰለ የትል ኮምፖስት ሲሸተት የመጀመሪያው ዝናብ የነካውን መሬት ይመስላል፤ ገና ልጣጭ ልጣጭ የሚል ከሆነ አልበሰለም።

ከተማሪዎች ወላጆች ዘንድ የሚገጥመው ችግር ሌላ ነው። በቋንቋችን ትል ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ወስፋትና ኮሶ ነው። አንዲት እናት ልጃቸው «ዛሬ ትል መገብን» ብላ ስትነግራቸው በማግስቱ ከርእሰ መምህሩ ቢሮ ተገኝተዋል፤ አልፈረድንባቸውም። ቀይ ትል በሰው ሆድ ውስጥ ሊኖር የማይችል፣ በሽታ የማያስተላልፍ እንስሳ መሆኑ በሚገባ መነገር አለበት። በሌላ በኩል ግን ማጋነንም አይገባም። የትል ሣጥን ስለማይሞቅ የወስፋትን እንቁላል ለመግደል አይታመንም። ስለዚህ የሰው ዐይነ ምድር፣ የውሻና የድመት ኩስ ከቶ አይገባበትም፤ ሣጥኑን የነካ እጅም በሳሙና ይታጠባል።

ሣጥኑ

ሣጥኑ ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ ይሠራል። ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል፤ ከዚያ ከጠለቀ ሥሩ አየር ያጣል። ስፋቱ እንደ አቅም ነው፤ የእኛ 60 በ40 ሴንቲ ሜትር ነበር። ከሥሩ ውሃ ማንጠፊያ፣ ከጎኑ አየር ማስገቢያ ቀዳዳ ይበሳለታል፤ በአራት ጡብ ላይ ይቀመጥና ከሥሩ ሳሕን ይደረጋል። ክዳን የግድ ያስፈልገዋል። አለዚያ ዶሮና ወፍ በአንድ ጠዋት ይጨርሱታል፤ ጉንዳንም ይመጣል፤ ለዚህም የጡቦቹን ሥር ውሃ በያዘ ጣሳ ላይ ማድረግ ይረዳል።

መኝታው የተቀደደ ጋዜጣ፣ ካርቶን፣ የጤፍ ጭድ ወይም ደረቅ ቅጠል ነው። የሚያብረቀርቅ ወረቀት አይሆንም። የባሕር ዛፍ ቅጠልም ዘይት ስላለውና ቶሎ ስለማይበሰብስ አይመረጥም። በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን ግቢ የሚረግፈው ቅጠል ደግሞ እርሱው መሆኑ ያሳዝናል። መኝታው በውሃ ይርሳል። መጠኑን ለማወቅ በእጅ ጨብጦ መጭመቅ ነው፤ አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው፤ ከፈሰሰ በዝቷል፤ ምንም ካልወጣ ደርቋል። ለተማሪ ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላገኘንም።

ምግቡ የድንች፣ የካሮት፣ የሙዝ፣ የፓፓያና የዱባ ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ ተፈልቶ ያለቀለት የቡና አተላ፣ የሻይ ቅጠል ነው። ሁሉም በጥቃቅኑ ይከተፍና ከመኝታው ሥር ይቀበራል። ከላይ ከተተወ ዝንብ ይሰበስባል። ወጥ ያልነካው እንጀራ በጥቂቱ ይቻላል፤ ሲበዛ ግን ይጓጉላል፣ ይኮመጥጣል፣ ውስጡም ይሞቃል። ሎሚና ብርቱካን፣ ነጭና ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሥጋ፣ አጥንት፣ ወተትና ማንኛውም ጨው ያለበት ነገር ይቀራል። የጫት ገረባ ብዙ ባለበት አካባቢ ያሉ መምህራን እርሱስ እንዴት ነው ብለው ጠይቀውናል። ቅጠሉ ይበሰብሳል፤ እንጨቱ ግን ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ፀረ ተባይ ተረጭቶበት ሊሆን ስለሚችልም በመጀመሪያ በጥቂት ትል ላይ መሞከር ይሻላል።

የሙቀቱ ነገር በቀላሉ መታየት የለበትም። ቀይ ትል ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይስማማዋል፤ ወደ 35 ሲቃረብ ይሞታል። ላቪንግተን ውስጥ በጥላ ሥር እስካለ ድረስ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል። በአዲስ አበባ ወይም በደብረ ብርሃን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ግን ያቀዘቅዘዋል፤ ሣጥኑን ቤት ውስጥ ማስገባት ወይም በጆንያ መሸፈን ያስፈልጋል። በቆላ ደግሞ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው።

ክምርና ሣጥን አንድ አይደሉም

በአገራችን ገበሬዎች ዘንድ በይበልጥ የታወቀው ኮምፖስት በክምር ወይም በጉድጓድ የሚዘጋጀው ነው። በዚያ ሥራ ዋናው ትል ሳይሆን ሙቀት ነው። ደረቁና እርጥቡ በየተራ ሲነባበሩ ባክቴሪያዎች በፍጥነት ይራባሉ፣ ክምሩም ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ይደርሳል። ይህ ሙቀት ለጥቂት ቀናት ከቆየ፣ ክምሩም እየተገላበጠ ዳሩ ወደ መሐል ከገባ፣ የአረምን ዘርና አብዛኛውን በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ይገድላል። ለዚህ የሚፈለገው የካርቦንና የናይትሮጅን መጠን 30 ለ1 ገደማ ነው። ጭድ ለብቻው 80 ለ1 ያህል ስለሆነ ሳይበሰብስ ይከርማል፤ የወጥ ቤት ልጣጭ ለብቻው ወደ 20 ለ1 ስለሚጠጋ ይሸታል። ሁለቱን ማደባለቅ ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ነው። ለሒሳብ መምህራንም ጥሩ የሬሾ ትምህርት ይሆናል።

የክምሩ ኮምፖስት ምን ያህል እንደሚያፈራ ለማወቅ የትግራይን ሥራ ማየት ይበቃል። ሱ ኤድዋርድስ ይመሩት የነበረው የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት ከክልሉ ግብርና ቢሮ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1996 በአራት የገበሬ መንደሮች ሥራ ጀመረ። ሥራው ኮምፖስትን ከእርከን፣ ከዛፍ ተከላና ከብትን አስሮ ከመቀለብ ጋር ያያያዘ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2006 ከገበሬው ማሳ ላይ በተሰበሰበው መረጃ፣ ኮምፖስት ያገኘው ማሳ ምንም ካላገኘው ጋር ሲነጻጸር በአብዛኛው እጥፍ ያህል ምርት ሰጥቷል፤ በብዙ ቦታም የፋብሪካ ማዳበሪያ ካገኘው አላነሰም። ገበሬዎቹ ኮምፖስቱን የሚያዘጋጁት በተለይ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፤ ያኔ አረሙም ሣሩም ለምለም ነውና። ከዚያ ሥራ የምንማረው ሌላም ነገር አለ። በደጋው የአገራችን ክፍል የከብቱ እበት ኩበት ሆኖ ይነዳል። እንጨት በጠፋበት ቦታ ሌላ ምርጫ የለም። ለአፈሩ የሚተርፈው አመድ ብቻ ነው፤ ናይትሮጅኑ በጭስ ሄዷል። አፈሩ ተርቧል ስንል እንዲያው ለአነጋገር አይደለም። በጉራጌ፣ በሲዳማና በጌዴኦ ግን ፍጉ፣ አመዱና የቤቱ ጥራጊ ሁሉ ወደ እንሰቱ ይሄዳል፤ ቤት አካባቢ ያለው አፈር ከሩቁ ይልቅ ጠቁሮና ወፍሮ የሚታየው በዚሁ ሳቢያ ነው። እነዚህ ሰዎች ኮምፖስትን ከማንም መጽሐፍ አልተማሩም።

የትል ሣጥን ይህን ሁሉ ሊተካ አይችልም። ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ኪሎ ቀይ ትል በቀን የክብደቱን ግማሽ ያህል ይበላል ብንል፣ በዓመት 180 ኪሎ ገደማ ልጣጭ ይጨርሳል። ከዚህ ሲሶው ኮምፖስት ሆኖ ቢወጣ 60 ኪሎ ነው። ለአንድ ሄክታር ማሳ 5 ቶን ያስፈልጋል ቢባል ከ80 በላይ እንዲህ ያሉ ሣጥኖች ዓመቱን ሙሉ መሥራት ይኖርባቸዋል። ስለዚህ በትል ኮምፖስት የአገር እርሻ ይለወጣል የሚለውን አነጋገር በጥንቃቄ መቀበል ይገባል። ለችግኝ፣ ለጆንያ ጎመን፣ ለትምህርት ቤት መደብ ግን 60 ኪሎ ብዙ ነው። አንድ እጅ የትል ኮምፖስት ከአራት እጅ አፈር ጋር ተደባልቆ ለችግኝ ማፍያ ይበቃል።

ታዲያ ለምን እንደክማለን?

መልሳችን ከማዳበሪያው ይልቅ ስለ ቆሻሻው ነው። በአዲስ አበባ በየመንደሩ ቆራሌው እየጮኸ ያልፋል። ጣሳ፣ ጠርሙስ፣ የተሰበረ ብረት፣ አሮጌ ጫማ ሳይቀር ይገዛል። የድንች ልጣጭ የሚል ቆራሌው ግን ሰምተን አናውቅም። ከከተማው ቆሻሻ በክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚበሰብሰው ክፍል ሆኖ ሳለ ገዢ የሌለው እርሱ ብቻ ነው። ከላስቲክና ከባትሪ ጋር ተደባልቆ አንድ ላይ ይጫናል። አንዴ ከተደባለቀ በኋላ የሚለየው የለም፤ ቢለይም መርዝ ነክቶታል። አየር በማያገኝበት ጥልቅ ክምር ውስጥ ሲቀበር ሜቴን የተባለውን ጋዝ ያመነጫል፤ ይህም ጋዝ በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 ጊዜ በላይ ምድርን ያሞቃል። ውሃ ሲይዝ ይከብዳል፤ ሲበሰብስም ይላላል።

ቆሼ በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ ከ50 ዓመት በላይ የከተማው ቆሻሻ ሲጣልበት የኖረ ቦታ ነው። ሰዎች በአጠገቡና በላዩ ቤት ሠርተው፣ ከክምሩ የሚሸጥ ነገር እየለቀሙ ይኖሩ ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ክምሩ ተናደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ልጆች ናቸው። ሰኞ ክፍል ስንገባ ተማሪዎቻችን የጠየቁን አንድ ጥያቄ ነበር፦ «የማን ቆሻሻ ነው?» እኛም መልስ አልነበረንም፤ የእነርሱም የእኛም ቆሻሻ ነውና። በዚያው አካባቢ በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲ ፋብሪካ ተመርቋል። ይሁን እንጂ እርጥብ ልጣጭ በደንብ አይነድም፤ ከመንደዱ በፊት ውሃውን ለማትነን ሙቀት ይበላል። ስለዚህ ለፋብሪካም ቢሆን ልጣጩ አስቀድሞ ቢለይለት ይሻለዋል።

ናይሮቢም ከዚህ የተለየች አይደለችም። የላቪንግተን ቆሻሻ የሚሄደው በከተማዋ ምሥራቅ ወደሚገኘው ወደ ዳንዶራ ነው። ዳንዶራ እ.ኤ.አ. በ1975 ሥራ የጀመረ ሲሆን በ2001 ሞልቷል ተባለ፤ ከተባለም በኋላ ለብዙ ዓመታት መኪና ሲገለብጥበት ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የኬንያ የዘላቂ ቆሻሻ አያያዝ ሕግ የሚበሰብሰውና የማይበሰብሰው ከምንጩ እንዲለይ ያዛል። ሕጉ መልካም ነው። ነገር ግን ሰው ሁለት ባልዲ ለይቶ ሞልቶ፣ የሚጭነው መኪና ሁለቱንም በአንድ ላይ ሲገለብጠው ካየ፣ በሳምንቱ መለየቱን ይተዋል። ከጓሮው የማይወጣ ሣጥን ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። የለዩት ልጣጭ ሲደባለቅ አያዩም፤ ያደባለቁት እንደሆነ ደግሞ ትሉ በሦስት ቀን ውስጥ ከክዳኑ ሥር ወጥቶ ያሳጣቸዋል። እኛ በፋሲካው እንደተጋለጥነው ማለት ነው።

በክፍል ውስጥ

ቻርልስ ዳርዊን የመጨረሻውን መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1881፣ ሊሞት ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ያሳተመው በመሬት ትል ላይ መሆኑን ለተማሪዎች ብንነግር ብዙዎቹ ይስቃሉ። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1842 በቤቱ አጠገብ ባለ መስክ ላይ የተሰባበረ ነጭ ኖራ ድንጋይ በተነና ተወው። ከ29 ዓመት በኋላ አስቆፍሮ ሲያይ ነጩ መሥመር 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠልቆ ተገኘ። ድንጋዩን የቀበሩት ትሎች ናቸው፤ ከሥር አፈር እያወጡ ከላይ በመጣል። ስሌቱን ተማሪ ይሥራው፤ በዓመት 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ደግሞም ትሎቹን በማሰሮ አድርጎ ፒያኖ ላይ አስቀምጦ ሞክሯል። ድምፅ አይሰሙም፤ የፒያኖው ንዝረት ግን ሲደርሳቸው ወደ ጉድጓዳቸው ይገባሉ። ፒያኖ በሌለበት ትምህርት ቤት ከበሮ ይበቃል፤ እኛ ሞክረነዋል፤ ሠርቷል።

ከዚህ ሌላ በቀላሉ የሚሠራ ሙከራ አለ። አንድ ዓይነት የጎመን ችግኝ በሦስት ጣሳ ይተከላል፤ በአንዱ አፈር ብቻ፣ በሌላው አፈርና የክምር ኮምፖስት፣ በሦስተኛው አፈርና የትል ኮምፖስት። ቁመቱና የቅጠሉ ብዛት በየሳምንቱ ይመዘገባል። በአንድ ጣሳ ላይ ብቻ ተመሥርቶ መደምደም እንደማይገባ የሚማሩት እዚህ ነው። በአንደኛው ዓመት የእኛ ክበብ አባላት በየዓይነቱ አንድ ጣሳ ብቻ ተክለው፣ የአፈር ብቻው ከሁሉ በልጦ አደገ። ምክንያቱ ኋላ ታወቀ፤ ያ ጣሳ የተቀመጠው መስኮት አጠገብ ነበር። በሁለተኛው ዓመት በየዓይነቱ አሥር አሥር ጣሳ ሆነ፤ ቦታቸውም በየሳምንቱ ይለዋወጥ ነበር።

የሚያስቸግረው ክረምት ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሣጥኑን ማን ይመግባል? ትሉ ያለ አዲስ ምግብ ሦስት አራት ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ ሁለት ወር ግን ይከብደዋል፤ በዚያ ላይ የሐምሌ ዝናብ ይገባበታል። እኛ ያደረግነው ሣጥኑን ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ በአደራ መስጠት ነው። ጋሼ መጀመሪያ ፊታቸውን አጨፈገጉ። «ትል ልጠብቅ?» አሉ። የሚገባውንና የማይገባውን በወረቀት ጽፈን ግድግዳ ላይ ለጠፍንላቸው፤ ጨው የሚለውን ቃል በትልቁ ጻፍነው። መስከረም ላይ ስንመለስ ሣጥኑ ሞልቶ፣ ትሉም በዝቶ ጠበቀን። ኮምፖስቱን በወንፊት ነፍተን ችግኝ ማፍያ ላይ ጨመርነውና ጎመን ዘራንበት። ከጎመኑ ቀድሞ የበቀለው ግን ቲማቲም ነበር። ጋሼ ክረምቱን ሙሉ የቲማቲም ትራፊ ሲጥሉበት ከርመው፣ ሣጥኑ ስለማይሞቅ ዘሩ ሳይሞት በየጣሳው ብቅ ብቅ አለ። ተማሪዎቹ ሊነቅሉት ሲሉ ጋሼ ከለከሏቸው፤ ሃያ ስድስቱን እግር ከዘበኛ ቤቱ ጀርባ አዛውረው ተከሏቸው።